የማንያዘዋል ጌም ዜማ

በዚያ ዘመን ዜማ የተጫወተ ሰው ዜማው የያዘውን ትዝታ ለሰሚው ሰጥቶ ራሱ ባዶውን ይቀር ነበር። ትርሲት ከውጭ ትምህርቷ ስትመለስ፣ እናቷ የሟች ወንድሟን የማንያዘዋልን መልክ ረስተው አገኘቻቸው።

“ፊቱ ጠፋብኝ” አሏት። “የዚያ የአሮጌው የቴሌቪዥን ጌሙ ሙዚቃ እንዴት ነበር?”

ማንያዘዋል ከዘይት ቆርቆሮ የሠራውን ዩኩሌሌ፣ ያን ትንሽ ጊታር፣ ከግድግዳው አወረደች።

“ተይው ልጄ፤ አንቺስ ባዶሽን ልትቀሪ?”

“እኔ ገና ወጣት ነኝ፤ ሌላ ትዝታ አላጣም” አለች፤ ራሷም ግን አላመነችውም።

የጌሙን ዜማ ተጫወተች። እናቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቁ። “ዩኒፎርሙን እንኳ ሳያወልቅ ቴሌቪዥኑ ሥር ተዘርፍጦ! ያ ፍንጭቱ!” እያሉ አለቀሱ።

ዜማው ሲያልቅ ትርሲት ዩኩሌሌውን አገላብጣ አየችው።

“እማዬ፣ ይሄን ቆርቆሮ እንዲህ አሳምሮ የሠራው ማነው?”

እናቷ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

“ነይ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ” አሏት። “ልንገርሽ።”