የማያጎነብስ ጀርባ

ነገ የትርንጎ ሁለተኛ መርፌ ነው፤ ከዚያ በኋላ መመለስ የለም። በጡንቻ ውስጥ እንደ ሞላ የሚለጠጠውን ግዙፍ ፕሮቲን፣ ቲቲንን፣ እሷን ጨምሮ የደረቅ ወደቡ ጫኞች ሁሉ ከባድ ጭነት እንዲችሉ በመርፌ በማይለጠጥ ጠንካራ ዓይነት እያስቀየሩ ነው። ያላስቀየረ ከሥራ ይወጣል።

ልጇ ማልቀሷን አላቆመችም።

"እዘያት እንጂ" አለቻት የትርንጎ እናት። "ትንሽ ጎንበስ በይ፤ እኔ አስቀምጥልሻለሁ።"

ትርንጎ ሞከረች። ከመጀመሪያው መርፌ ወዲህ ጀርባዋ አልታጠፍ ብሏል፤ ሕፃኗ ተንሸራታ አያቷ እጅ ላይ ወደቀች።

"ሁለት ኩንታል የምትሸከም ሴት ሰባት ኪሎ አቃታት" ብላ እናቷ ልታስቃት ሞከረች። ከዚያ ራሷ አዘለቻት። ልጅቷ ጉንጯን አያቷ ጀርባ ላይ ለጥፋ ወዲያው ተኛች።

ትርንጎ ቆማ አየቻቸው።

"እማዬ፣ እስክታድግ ታዝይልኛለሽ?"

"እግዜር ጉልበት ከሰጠኝ።"

"እንግዲያው ጠዋት በጊዜ ቀስቅሺኝ።"