የእሁድ አስር ሰዓት ስልክ

«ከኛ በኩል መስመሩ ደህና ነው» ይላል ሞባይሉ ውስጥ ያለው የስልክ መሥሪያ ቤቷ ሠራተኛ ድምፅ ለሦስተኛ ጊዜ። «የቤቱ ስልክ ተነስቶ ነው የሚያሳየን። በደንብ ዝጉት።»

ልብስ ሰፊው ዞር ብሎ የጎረቤቱን የቤት ስልክ ያያል። እጀታው በቦታው ተጋድሟል። «ተዘግቷል እኮ፣ እህቴ» ይላል። ቀኑን ሙሉ ከጨርቅ ጋር የሚውል ሰው ነው፤ ከቢሮ ሰው ጋር ማውራት ከድሮም ምላሱን ያስረዋል።

«እንግዲያው ሠራተኛ የሚላከው ነገ ነው። ዛሬ እሁድ ነው።»

«ምን አለች፣ መርፌ?» ይላሉ አሮጊቷ ጎረቤቱ ከወንበራቸው። ስሙን ያወጡለት እሳቸው ናቸው፤ ለሙያውም ለቅጥነቱም እንዲሆን ብለው።

«ዝጉት ነው የምትለው፣ እማማ።»

«ድሮስ ከመዝጋት በቀር ምን ያውቃሉ።»

የግድግዳው ሰዓት ለአስር ሩብ ጉዳይ ይላል። እሁድ እሁድ ልክ አስር ሰዓት ላይ፣ የአሮጊቷ ታላቅ ወንድም ከሌላ ከተማ፣ ከሴት ልጃቸው ቤት ይደውሉላቸዋል። ሰውየው የማስታወስ ችሎታቸው ከከዳቸው ቆይቷል። ምሳ መብላታቸውን ይረሳሉ፤ የልጃቸውን ስም ይረሳሉ። ይህን ቁጥር ግን እስካሁን አልረሱም።

«ለምን በሞባይሌ እኛ አንደውልላቸውም?»

«ረቡዕ ስንሞክር አልሰማህም?» ይላሉ አሮጊቷ። «‹ሴትዮ፣ ማንን ፈልገሽ ነው?› አለኝ እኮ። ራሱ ሲደውል ግን ገና ሃሎ ሳልለው በልጅነት ስሜ ነው የሚጠራኝ። እኔን የሚያስታውሰኝ ጣቱ ነው፣ ልጄ።» ጉልበታቸውን ያሻሻሉ። «ባለፈው እሁድ ሦስቴ ሞክሮ ‹ወሬ ይዛለች› ብሎ ተወው አለችኝ ልጁ። ዛሬም ካላገኘኝ ጣቱም ይረሳኛል።»

ልብስ ሰፊው ይንበረከክና ሽቦውን ከግድግዳው ጀምሮ፣ ስፌት እንደሚከተል፣ በጣቱ ይከተለዋል። የተበጠሰም የላላም የለም። እጀታውን አንስቶ ያዳምጣል። ጭጭ።

መልሶ ያስቀምጠዋል። ስልኩ ቀይ የከፋይ ልብስ ለብሷል። «አቧራ ፈጀው» ብለው አሮጊቷ ሲያማርሩ ሰምቶ፣ ሦስት ማታ አምሽቶ የሰፋላቸው ራሱ ነው። ከቁጥሮቹ በቀር ሁለመናውን ሸፍኖታል፤ ምቾት እንዲኖረው ብሎ ከገበሩ ሥር ስፖንጅ ከቶበታል። ልክክ ያለ ሥራ ነው። ሐሙስ የመጣው የስልክ ሠራተኛ ላውልቀው ቢል እንኳ «የሰው ስጦታ አይገፈፍም» ብለው ከልክለውታል። እሱም ሽቦውን እስከ ምሰሶው አይቶ ሄደ።

እጀታው የተኛበት ላይ ከፋዩ ትንሽ ተጨማዷል። ልብስ ሰፊው እንደ ልማዱ ሊያስተካክለው በአውራ ጣቱ ጫን ይለዋል። እጀታው ዝቅ ይላል፤ ከሥሩ አንድ ነገር ጠቅ ይላል። ጣቱን ሲያነሳ እጀታው ቀስ ብሎ ተመልሶ ከፍ ይላል።

ልብሱን ያለበሰው የዛሬ ስምንት ቀን ነው። ስልኩ ዝም ያለውም የዛሬ ስምንት ቀን።

ሽቦው ላልቶ ነበር ቢላቸው ያምኑታል። ከደረት ኪሱ ትንሿን መቀስ ያወጣል።

«እማማ» ይላል ቀና ብሎ ሳያያቸው፣ «ስልኩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ስፖንጁ ነው። እጀታው ሲቀመጥ መስመሩን የሚዘጉትን ቁልፎች እንዳይጫናቸው ደግፎ ይዞታል። ስልኩ ሳይዘጋ ነው የከረመው።»

አሮጊቷ ስልኩን ያያሉ፤ ከዚያ መቀሱን።

«ልትቆርጠው?»

«ከሥር ደርቤ ሰፍቼዋለሁ፤ ልፍታው ብል አስር ሰዓት ያልፋል።»

«ስንት ማታ የለፋህበትን።»

«ሌላ እሰፋለሁ።»

«በል ቁረጥ። እጅህ ግን አይንቀጥቀጥ፤ ሽቦውን ጨምረህ እንዳትበጥስልኝ።»

መቀሱ ከፋዩን ከዳር እስከ ዳር ይሄድበታል። አሮጌው ስልክ ራቁቱን ይወጣል፤ እጀታው ቁልፎቹ ላይ ጠቅ ብሎ ይቀመጣል። ልብስ ሰፊው ጥቂት ጠብቆ አንስቶ በጆሯቸው ላይ ይይዝላቸዋል። ቱ የሚለው ረጅም ድምፅ እሱንም ይሰማዋል። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡታል።

ድንገት ይባንናሉ። «ዝጋው፣ ዝጋው። ወሬ ይዛለች ይለኛል።»

አስር ሰዓት ይሆናል። ከአስር አንድ ደቂቃ ያልፋል። ሁለት። ልብስ ሰፊው የተቆረጠውን ከፋይ በእጁ ጨምድዶ ይዟል።

ስልኩ ይጮኻል።

አሮጊቷ አይቸኩሉም። ፀጉራቸውን በመዳፋቸው ያስተካክላሉ፤ ከዚያ ያነሳሉ። ሃሎ ከማለታቸው በፊት፣ ከእጀታው ውስጥ አንድ ጎርናና ድምፅ ሠፈሩ ሰምቶት የማያውቀውን የልጅነት ስማቸውን ይጠራል።

«አለሁ፣ ወንድም ጋሼ» ይላሉ፣ ድምፃቸው እንደ ልጅ ቀጥኖ። «ኧረ እኔስ ምንም አልሆንኩ፤ ስልኬ ነው። ልብስ ደርቦ ሙቀት አፍኖት ከርሞ ነው። አሁን ድኗል። ጎረቤቴ ነው ያዳነው፣ መርፌ የምልህ።»

ልብስ ሰፊው አይደለም ለማለት ራሱን ይነቀንቃል። ቀስ ብሎ ሊወጣ ይነሳል።

አሮጊቷ ወሬያቸውን ሳያቋርጡ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ከፋዩን ከጭብጡ ይወስዱና ጉልበታቸው ላይ ያነጥፉታል፤ መቀሱ ያለፈበትን ጠርዝ፣ እየሳቁ፣ በጣታቸው ደጋግመው ይዳብሱታል።