የካፒቴኑ የልጅ ልጅ

ልጅቷን ላግባሽ ብሎ እሺ ለማሰኘት አራት ዓመት ፈጅቶበታል። በወጉ ሽማግሌ ልኮ ቤቱ መጠበቅ ነበረበት፤ እሱ ግን አላመናቸውምና አብሯቸው ሄደ። እነዚህ ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ሲቆጥሩ፣ አባቱን ያሳደገውን ሸማኔ አያቱ ነው ብለው ሊያዋርዱት ነው። እሱ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ መዝገብ አገላብጦ፣ ምራቁን ሳይቀር ለዘር ምርመራ ባሕር ማዶ ልኮ፣ ሸማኔውን ከዘሩ ፍቆታል።

የልጅቷ አባት አቶ ሽብሩ፣ "መቼም ዝምድና እንዳይገኝ እንቁጠር" አሉ።

"አባቱ መኩሪያ፣ አያቱ ደግፌ..." ብለው አንደኛው ሽማግሌ ሲጀምሩ አቋረጣቸው።

"ደግፌ አሳዳጊ ነው አባባ። አያቴ ካፒቴን ሆልት የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ጣልያን የወጣ ጊዜ እዚሁ ጎሬ ነበር።"

"እኛማ አበሻ የጠየቀን መስሎን" አለ የልጅቷ አጎት። ቤቱ ሳቀ። እሱም እነዚህ ባላገሮች ስለ ዘር ምን ያውቃሉ ብሎ በልቡ ናቃቸው።

ጥግ የተቀመጡት የአቶ ሽብሩ እናት፣ እማሆይ ውባየሁ፣ ቀና አሉ። "ሰውዬው የግራ እጁ ትንሿ ጣት ቆራጣ ነበረች?"

ፊቱ በራ። "አዎ፣ መዝገቡም ላይ ሰፍሯል። ያውቁታል እንዴ እማሆይ?"

እማሆይ ወደ ልጃቸው ዞረው፣ "ሽብሩ፣ ተነስና የወንድምህን ልጅ ሳመው" አሉ።