ሁለቱ ጡት የልጁ ነው

በግመል ምርምር ጣቢያው አላቢ ሆና ስድስት ዓመት ሙሉ የለመነችው አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱን ጡት ለግልገሉ ተዉለት። ስድስት ዓመት ሙሉ «እሺ እትዬ» ይሏታል። እሺታው የአፍ ነው። ጠዋት ስትመጣ አራቱም እንዲታለቡ ይነገራታል፤ አራቱንም ታልባለች።

አሁን ደግሞ የግሉኮስ ጠርሙስ ወደ ላይ ይዛ ከቆመች ሰዓት ሊሞላት ነው። መስቀያው ከተሰበረ ወር ሆነው፤ እስኪጠገን መስቀያዋ እሷ ናት። ከእግሯ ሥር፣ ጆንያ በተነጠፈበት ሲሚንቶ ላይ፣ የሦስት ሳምንቱ የግመል ግልገል ረጅም አንገቱን ዘርግቶ ተኝቷል። ሽፋሽፍቱ ላይ ዝንብ ቢያርፍበት እንኳ ዓይኑን አያርገበግብም።

«ትንሽ ከፍ ያድርጉት፣ እትዬ» አለ የእንስሳት ሐኪሙ።

«ከዚህ በላይ ቁመት አልተሰጠኝም፤ የከለከለኝን ጠይቀው።»

ሐኪሙ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሁለት ቀን ሙሉ ቤቱ አልሄደም። ክፉ ልጅ አይደለም። ሲቀጠር ግመል መቅረብ ይፈራ ነበር፤ ማንበርከኩን ያስተማረችው እሷ ናት።

ጣቢያው የያዘው ጥናት አንዲት ግመል በቀን ምን ያህል ወተት እንደምትሰጥ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ለማወቅ ነው፤ አራት ሳምንት ይፈጃል። ግመል ግን ልጇ ቀርቦ አፉን ካላስነካት ወተቷን አትለቅም። ለዚህም የተማሩት መላ አላቸው፤ መርፌ ይወጓታል፣ ልጇ የመጣ ይመስላታል፣ ትለቃለች። ልጅየው በጡጦ የዱቄት ወተት ይሰጠዋል። ይሄኛው ጡጦውን ጠላ፤ ቀጥሎ ተቅማጥ ያዘው፤ ቀጥሎ መቆም አቃተው። ከእሱ በፊት የሞቱት ሁለት ግልገሎችም እንዲሁ ነበሩ። ወረቀቱ ላይ ግን «ምክንያቱ ያልታወቀ» ተብሎ ተጻፈ።

እናትና አባቷ ቤት ይሄ ሕግ ከፊደል በፊት ነበር የተነገራት፤ በቀኝ ያሉት ሁለቱ የቤት፣ በግራ ያሉት ሁለቱ የልጁ። እሷ ከሁለተኛ ክፍል ወጥታለች፤ የጣቢያው ሰዎች ደግሞ ዶክተሮች ናቸው። እኔ ምን አውቃለሁ ብላ አለበች። በገዛ እጇ ነው ያለበችው። ይሄ ነው የሚያንገበግባት።

ከቆርቆሮው ግድግዳ ማዶ እናቲቱ አጓራች። የመታለቢያ ሰዓቷ አልፏል።

«ዶክተር፣ እናቱን ላምጣለት?»

«አራት ቀን ነው እኮ የቀረን። አሁን አንዴ ከጠባ የአራት ሳምንት ልኬት ገደል ገባ ማለት ነው።»

«ይሄስ የት እየገባ መሰለህ?»

ሐኪሙ የግልገሉን ድድ በጣቱ ጫን አድርጎ ለቀቀው። ነጭ እንደሆነ ቀረ፤ ደም አልተመለሰበትም።

«እሺ» አለ ተነሥቶ። «አለቃን ደውዬ ላስፈቅድ።»

«አስፈቅድ እንጂ። ግልገሉም ሳይሞት ይጠብቅሃላ።»

ውጭ ቆሞ ሲያወራ ትሰማዋለች። «አዎ ጌታዬ… አይ፣ አይቆምም… አዎ ጌታዬ፣ ገብቶኛል።» «ገብቶኛል» አለ እንደገና፣ ባነሰ ድምፅ።

እሷም ገባት።

ሻሿን ፈታች። ጠርሙሱን ከመስኮቱ ብረት ጋር አጥብቃ አሰረችው። የዛለ ክንዷን እያሸች ሄዳ ወደ ማዶ የሚያስወጣውን የቆርቆሮ በር መቀርቀሪያ ሳበች።

ግመሊቱን መጎተት አላስፈለገም። አንገቷን ዝቅ አድርጋ ገባች፤ ልጇን ከጭራው እስከ አፍንጫው አሸተተችው፤ ከሆዷ የወጣ የሚመስል ቀጭን ድምፅ አሰማች። መርፌ የወጋት የለም። ወተቱ ግን መጣ፤ ሲሚንቶው ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

ሴትዮዋ ግልገሉን ከብብቱ ሥር ይዛ ደረቱን ጉልበቷ ላይ አወጣችው። የኋላው ክብደት ግን ወደ መሬት ጎተታት።

ሐኪሙ ስልኩን እንደያዘ በሩ ላይ ደረሰ። ከልማድ ይሁን ከድንጋጤ፣ ባለ መስመሩን የመለኪያ ባልዲ አነሣ።

«አስቀምጠው» አለችው። «ከኋላው ግባና ደግፈው።»

ባልዲውን እያየ ቆመ። ከዚያ አስቀመጠው፤ ተንበርክኮም የግልገሉን ዳሌ አቅፎ ወደ ላይ አነሣ።

የግራውን ጡት አፉ ውስጥ ከታ ጨመቀች። አፉ ሞላ፤ ወተቱ በጉንጩ በኩል ወጥቶ በክንዷ ላይ ወረደ።

«ዋጥ፣ የኔ ጌታ» አለችው። እንደገና ጨመቀች። እንደገና ወጣ።

ግመል አንዴ ወተቷን ከለቀቀች ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልሳ ትይዘዋለች፤ ይሄን ሁለቱም ያውቃሉ። እናቲቱ እግሯን ሳታነቃንቅ ቆማለች። የሚፈሰው ወተት በሲሚንቶው ላይ መንገድ አውጥቶ ወደ ውሃ መውረጃው እየሄደ ነው፤ የሚለካው የለም። እሷ አንገቱን በደገፈችበት እጇ ጉሮሮውን ይዛ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ይኖር እንደሆነ በጣቶቿ ታዳምጣለች።