የተገለበጠው ራጅ

ጥርስ ሐኪሙ የእማማ ትርንጎን ራጅ ገልብጦ አንብቦ ኖሮ፣ የታመመውን የቀኝ መንጋጋ ትቶ ደህናውን የግራውን ተማሪዎቹ ፊት ነቀለላቸው። ጉዱን ያወቀው በማግስቱ ነው። ቢደብቀው ማን ያውቅበታል? እሱ ግን ስህተትን ለታካሚ ስለመናገር የሁለት ቀን ሥልጠና ወስዶ፣ የምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ መስታወት ፊት ተለማመደ። የቱ ጋ እንደሚያቀረቅር፣ የቱ ጋ ድምፁ እንደሚሰበር ሁሉ ወሰነ። በገዛ ሐቀኝነቱ ልቡ እየተነካ እንባው ያለቦታው መምጣቱ አስቸገረው እንጂ ሌላው ተሳክቶለታል።

አሮጊቷ ቀኝ ጉንጫቸውን ይዘው መጡ።

"እማማ፣ ደህናውን ጥርስዎን ነው የነቀልኩት። ይቅር ይበሉኝ" አለና በተለማመደበት ቦታ ድምፁን ሰበረው። "በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ የመጀመሪያ ስህተቴ ነው።"

"አውቃለሁ እኮ ልጄ። ገና ስትይዘው ታውቆኛል።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"ተማሪዎችህ ፊት እንዴት አድርጌ ላሳፍርህ?" አሉና እጁን ደባበሱት። "ደግሞ የመጀመሪያህም አይደለም። አምናም ለዚሁ ለቀኙ መጥቼ ሌላ ደህና ጥርስ ነው የነቀልከው። ሌላ ሐኪም ጋ ብሄድ ይከፋሃል ብዬ ነው የምመላለሰው።"

ሐኪሙ የተለማመደው ሁሉ አለቀበት። ጉጠቱን አነሳ።

እማማ ትርንጎ አፋቸውን ከፈቱ፤ ጣታቸውንም የታመመው ጥርስ ላይ አሳረፉ። ጉጠቱ ጥርሱን እስኪይዘው ድረስ ከዚያ አላነሱም።