የገመዱ ሌላ ጫፍ

ዶኛ ኔልሲ የኮሎምቢያዋ ካሊ ከተማ በሙሉ የተንጠለጠለበት ይመስል ገመዱን አንቃ ያዘችው። በሌላው ጫፍ፣ እርግብ እንኳ ራሷ በሚዞርባት ከፍታ፣ ዥዋዥዌው ላይ የቆመችው ልጇ ታስራበታለች። በሰርከስ ቤቱ ወግ፣ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘል፣ እንዳይወድቅ የታሰረበትን ገመድ ከታች የሚይዘው ወላጁ ነው።

«ላላ ያድርጉት እንጂ ዶኛ ኔልሲ፤ ላም አይደለም የሚጎትቱት» አላት አሰልጣኙ። ሊያይ የመጣው የሰፈሩ ሰው ሳቀ። እሷን ግን ላቧ ጫማዋን ሞልቶ ሊያሰምጣት ደረሰ። ዓይኗን ጨፈነች።

«እማ፣ ገመዱ እየተንቀጠቀጠ ነው» አለች ልጅቷ ከላይ። «ጨፍነሻል አይደል?»

«ኧረ አልጨፈንኩም።»

«ግለጪ፤ ከሁለታችን አንዳችን እንኳ እንይ እንጂ» አለች፣ ከተወለደች ጀምሮ ብርሃን አይታ የማታውቀው ልጅ።

እናትየው ዓይኗን ገለጠች፤ ገመዱንም ላላ አደረገችው። ያኔ ልጅቷ ራሷን ወደ ባዶው አየር ለቀቀች።