ከመቶ ሦስቱ ቀዮች

ጎይቺ በልቶ ሲጨርስ ጣቱን ይልሳል፤ በዚያው ጣቱ ታብሌቱን ይነካል። በዚያ ክረምት በጃፓኗ አኪታ ከተማ ከእሱ የባሰ የሚያስጠላ ባል አልነበረም።

ጡረታ እንደወጣ ከሚስቱ ከሳዮኮ ጋር የጭንቅላት ምርመራ አድርገው ነበር። ውጤቱን ተቀብሎ የመጣው እሱ ነው። «አንቺ ደህና ነሽ፤ የእኔ ደም ሥር ግን አብጧል» አላት።

ሆስፒታሉ የሰጠው ድረ ገጽ ሁሉን ያሳያል። የአንጎል ደም ሥር በቀስታ ይዞራል፤ መታጠፊያው ላይ ሽምብራ የምታህል እብጠት አለች። ከሥሯ መቶ ትንንሽ ሰዎች ተሰልፈዋል። ሦስቱ ቀይ ናቸው፤ በአምስት ዓመት ውስጥ የሚፈነዳባቸው። የደም ግፊት ከጨመረ ወይም ሲጋራ ከተጨሰ ቀዮቹ ይበዛሉ።

ጎይቺ ይህን ሥዕል ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳያል፤ ያውም አፉ በሩዝ እንደተሞላ። በወዛም አውራ ጣቱ የታብሌቱን የላይኛውን ጥግ ይዞ እብጠቷን ያሽከረክራታል።

«ከበላን በኋላ ብታሳየን ምናለ?» አለው አንድ ቀን ጎረቤቱ።

«ሰው ማወቅ አለበት» አለ ጎይቺ እያገሳ። ጎረቤቱ ሾርባውን ገፋ አደረገው።

ትእዛዙ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። «ለብቻዬ አልጫ አልበላም፤ አንቺም ጨው ተዪ» አላት። የሠላሳ ዓመት ሲጋራዋን «ጭሱ ይገድለኛል» ብሎ አስጣላት። በረዶ ስትዝቅ ድምፁ ራሴን ወጋኝ ብሎ አካፋዋን ለጎረቤት ሰጠባት። ጠዋት ጠዋት የግፊት መለኪያውን መጀመሪያ በእሷ ክንድ ላይ ያስራል። «መሥራቱን ልይ» ይላል። ቁጥሩንም ይጽፋል፤ ለምን እንደሆነ እንጃለት።

ከጓደኞቿ ጋር ፍል ውሃ ልትሄድ ስትነሳማ ለያዥ ለገላጋይ አስቸገረ። «እኔን ጥለሽ?» እያለ እንደ ሕፃን ተነፋረቀ። ሳዮኮም ቀረች።

በማግስቱ ታናሽ እህቷ ቺዙ ከሴንዳይ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ ነበር መናገር የጀመረችው።

«እህትዓለም፣ ልብስሽን ሰብስቢ። ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ።»

ሳዮኮ እያለቀሰች ወደ ጓዳ ገባች።

ቺዙ ወደ ጎይቺ ዞረች። «እናታችን ራሴን ብላ ወድቃ ከቀረች ወዲህ እህቴ የሐኪም ስም ሲጠራ እንኳ እንቅልፍ አይወስዳትም። እርስዎ ደግሞ ይህን ጉድ በየገበታው ያሽከረክሩባታል። አያፍሩም?»

«እባክሽ ቀስ ብለሽ ተናገሪ» አለ። ዐይኑ የጓዳው በር ላይ ነበር። «ጩኸት ግፊት ያመጣል።»

«ግፊትዎ ገደል ይግባ። እስቲ እኔም ልየው» ብላ ታብሌቱን ከእጁ ነጠቀችው። ሊቀማት ተንጠራራ፤ አልደረሰባትም።

የአውራ ጣቱን ቅባት ከላይኛው ጥግ በእጅጌዋ ጠረገች።

«ሳዮኮ፤ ሴት፤ ስልሳ ስድስት ዓመት» ይላል ከቅባቱ ሥር የነበረው ጽሑፍ።